ፊድን ማዘጋጀትና ማንበብ፦ ከጀሞ የውሃ ማስታወቂያ የተገኘ ልምድ



የዛሬው የሕዝብ ንግግር ርእስ ምን እንደሚሆን ስጠየቅ ከእኔ የተጠበቀው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እንደሆነ አውቃለሁ። ዘመኑ የእርሱ ነው። እኔ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ያስቆጠረና ብዙዎቻችሁ ሞቶ ተቀብሯል የምትሉትን ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ፊድን። ለዚህ ያበቃኝ የምርምር ዕቅድ ሳይሆን በምኖርበት በጀሞ የገጠመኝ ጉዳይ ነው። በዚያ ጉዳይ ላይ የሠራሁት ስሕተት በፕሮግራም ሥራ ሠላሳ ዓመት ለቆየ ሰው የሚያሳፍር ቢሆንም እናንተ እንዳትደግሙት በዝርዝር እነግራችኋለሁ።

በጋራ መኖሪያ ቤት የምትኖሩ ሁሉ የውሃ ፈረቃ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ውሃ የሚመጣበት ቀንና ሰዓት ይታወቃል፤ ግን ይለዋወጣል። በተለይ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለ ሰው በዚያች ሰዓት ነቅቶ ጀሪካኑንና ባልዲውን ካልሞላ ሳምንቱን በግዢ ውሃ ይከርማል። በእኛ ግቢ የፈረቃው ለውጥ የሚነገረው በሩ ላይ በሚለጠፍ ወረቀት ነበር። ወረቀቱን ዝናብ ያረጥበዋል፤ አንዳንዴም ሌላ ማስታወቂያ ይደረብበታል። በኋላ የነዋሪዎች የቴሌግራም ቡድን ተከፈተ፤ እዚያ ደግሞ የውሃው መልእክት ከእንኳን አደረሳችሁ፣ ከቤት ሽያጭና ከጠፋ ቁልፍ መካከል እየተቀበረ የሚያገኘው ጠፋ። የማኅበሩ ጸሐፊ “ዶክተር፣ እርስዎ ኮምፒዩተር ያስተምራሉ፤ አንድ ነገር ያድርጉልን” ሲሉኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። የ2016 ዓ.ም. አዲስ ዓመት ሳምንት ላይ ለግቢያችን አንድ ፊድ አዘጋጀሁ።

ወደ ስሕተቱ ከመሄዴ በፊት ፊድ ምን እንደሆነ ለማያውቁት ባጭሩ ልናገር። ፊድ አንድ ድረ ገጽ ያወጣቸውን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች ዝርዝር ማሽን በሚያነበው መልክ የያዘ ፋይል ነው። ለእያንዳንዱ ጽሑፍ ርእስ፣ አድራሻ፣ አጭር መግለጫ፣ የወጣበት ቀንና የራሱ መለያ ይኖረዋል። ጌጥ የለውም፤ ቀለምም ሆነ ማስታወቂያ አይጫንበትም። አንባቢው ፊድ የሚያነብ ፕሮግራም በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ይጭናል፤ ፕሮግራሙ በየተወሰነ ጊዜ ፋይሉን እየጠየቀ አዲስ የመጣውን ለይቶ ያሳየዋል። አውጪው የማንንም ስልክ ቁጥርና አድራሻ አይሰበስብም። አንባቢውም ሲሰለቸው ማንንም ሳያስፈቅድ መጠየቁን ያቆማል።

ይህ ሐሳብ መልክ የያዘው በመጋቢት ወር 1999 እ.ኤ.አ. ኔትስኬፕ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ነው፤ ዳን ሊቢና ራማናታን ጉሃ የመጀመሪያውን አርኤስኤስ አወጡ። በ2002 እ.ኤ.አ. ዴቭ ዋይነር አርኤስኤስ 2.0ን አሳተመ፤ ዛሬም በስፋት የሚሠራበት ይኸው ነው። በአርኤስኤስ ልልነት ያልተደሰቱ ሰዎች ደግሞ አተም የተባለውን ጠንከር ያለ ደንብ ጻፉ፤ በታኅሣሥ ወር 2005 እ.ኤ.አ. የኢንተርኔት ደንብ ቁጥር 4287 ሆኖ ጸደቀ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረውን ጠብ ለመተረክ የዛሬው ምሽት አይበቃም፤ ትርፉም ትንሽ ነው። የዛሬ ላይብረሪዎች ሁለቱንም ይጽፋሉ፣ ሁለቱንም ያነብባሉ።

“ሞቷል” የሚባለው ጉግል ሪደር የተባለው ታዋቂ የፊድ ማንበቢያ ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. በመዘጋቱ ነው። የተዘጋው ግን አንድ ማንበቢያ ነው። ፊዶቹ በየባለቤቶቻቸው ሰርቨር ላይ እንደነበሩ ቀሩ፤ ሰዎችም የሚከታተሏቸውን ፊዶች ዝርዝር በኦፒኤምኤል ፋይል አውርደው ወደ ሌላ ማንበቢያ ተሻገሩ። ከእናንተ መካከል በታክሲ ከሜክሲኮ ጀሞ ሲመለስ ፖድካስት የሚያዳምጥ ካለ ሳያውቀው የአርኤስኤስ ተጠቃሚ ነው፤ ፖድካስት የድምፅ ፋይል አድራሻ የተያያዘበት ፊድ ነውና። በዎርድፕሬስ የተሠራ ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ቢያውቅም ባያውቅም ፊድ አለው፤ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ደግሞ በአገራችን ብዙ ናቸው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ተማሪዎቼ ፊድ ሥሩ ስላቸው አብዛኞቹ የሚያደርጉትን አውቃለሁ፤ የኤክስኤምኤል ምልክቶቹን በጽሑፍነት እየቀጠሉ በእጅ ይገነቡታል። ለሁለት ቀን ይሠራል። በሦስተኛው ቀን አንድ ርእስ ውስጥ “&” የሚለው ምልክት ይገባና ፊዱ በሙሉ ይወድቃል። የኤክስኤምኤል ደንብ በዚህ ረገድ ምሕረት የለውም፤ አንድ ምልክት ያለ ቦታው ከተገኘ አንባቢው ፕሮግራም ቆሞ ስሕተት እንዲያሳውቅ ያዝዛል። አንድ ማስታወቂያ ተበላሽቶ አሥራ አራቱ አይተርፉም። ላይብረሪ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ምክንያት ይህ ነው፤ ፊድጄን የተባለው የፓይዘን ላይብረሪ እንዲህ ያሉትን ምልክቶች ራሱ ይለውጣቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የቀኑ አጻጻፍ ነው። አርኤስኤስ ቀንን የሚቀበለው ከኢሜይል ደንብ በወረሰው መልክ ብቻ ነው፦ የሳምንቱ ቀን በእንግሊዝኛ ምሕጻር፣ የወሩ ቀን፣ የወሩ ስም እንደዚሁ በእንግሊዝኛ ምሕጻር፣ ዓመቱ፣ ሰዓቱ፣ በመጨረሻም ከዓለም አቀፉ ወጥ ሰዓት ያለው ልዩነት፤ ለእኛ ሦስት ሰዓት። ኮምፒዩተራቸውን ወደ አማርኛ የቀየሩ ተማሪዎች ቀኑን በእጅ ሲጽፉ “ረቡዕ” እና “ኖቬምበር” የሚሉ ቃላት በግዕዝ ፊደል ይወጡላቸዋል። ለዓይን ያምራል፤ የሚያነበው ማሽን ግን የለም። ላይብረሪው የኮምፒዩተሩ ቋንቋ ምንም ቢሆን ቀኑን በትክክለኛው መልክ ይጽፋል።

በፊድጄን መሥራት ቀላል ነው። አንድ ፊድ ትፈጥራላችሁ፤ ርእስ፣ አድራሻ፣ መግለጫና ቋንቋ ትሰጡታላችሁ። ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ አንድ ንጥል ትጨምራላችሁ፤ ለንጥሉም መለያ፣ ርእስ፣ ይዘትና ቀን ትሰጡታላችሁ። በመጨረሻ “አርኤስኤስ አድርገህ ጻፍ” ወይም “አተም አድርገህ ጻፍ” ትሉታላችሁ። ሃያ መስመር ኮድ አይሞላም። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ አዲስ የምትጨምሩትን ንጥል ካላዘዛችሁት በቀር ከላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ማስታወቂያዎቹን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ቅደም ተከተል ስጡት፤ በተገላቢጦሽ ከሰጣችሁት የባለፈው ወር ማስታወቂያ አናት ላይ ይወጣል። ላይብረሪው የሚያስደስተኝ አንድ ጥብቅነትም አለው፤ የሰዓት ቀጣናው ያልተገለጸ ቀን ከሰጣችሁት አይቀበልም፤ ስሕተት ብሎ ይመልስላችኋል። በዚህ ጥብቅነት ተማምኜ ነበር የተኛሁት።

የማኅበሩ ጸሐፊ ማስታወቂያውን የሚያስገቡበት ትንሽ ቅጽ ሠራሁላቸው፤ ርእስ፣ ዝርዝር፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሰዓት። እርሳቸው እንደማንኛችንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላሉ። መስከረም 4 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ማስታወቂያ አስገቡ፦ ቀን 4፣ ወር 1፣ ዓመት 2016። ኮዴ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ተቀብሎ፣ ሦስት ሰዓት ልዩነት ያለውን ቀጣና ጨምሮ፣ ለላይብረሪው አቀበለ። ላይብረሪው ምንም አልከፋውም። ለእርሱ ይህ ጃንዋሪ 4 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. የሚባል ፍጹም ጤነኛ ቀን ነው። ማስታወቂያው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄደ።

ታዲያ እንዴት አላየኸውም ትሉኝ ይሆናል። ፊዱን የፈተንሁት በራሴ ማንበቢያ ነው፤ ያም በፊድፓርሰር የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ነበር። ፊድፓርሰር ንጥሎችን የሚሰጠው በፋይሉ ውስጥ ባሉበት ቅደም ተከተል እንጂ በቀናቸው ደርድሮ አይደለም። አዲሱ ማስታወቂያ አናት ላይ ስለነበረ በእኔ ስክሪን አናት ላይ ወጣ፤ እኔም የማሳየው ርእሱን ብቻ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን በስልካቸው የጫኗቸው ማንበቢያዎች በቀን ይደረድራሉ፤ አንዳንዶቹም በጣም አሮጌ የሆነውን ጽሑፍ እንደተነበበ ቆጥረው ይሰውሩታል። ለእኔ የሚሠራው ፊድ ለእነርሱ ባዶ ነበር። “ምን አዲስ ነገር አለ?” ብዬ ስጠይቃቸው በትሕትና “ደህና ነው ዶክተር” ይሉኛል። የሐበሻ ትሕትና ለሶፍትዌር ፍተሻ ጠላት ነው፤ ይህን በልቡናችሁ ያዙት።

ስሕተቱ ራሱን ሊያጋልጥልኝ አንድ ጊዜ ሞክሯል። ጥቅምት 30 ቀን ዓርብ ምሽት ጸሐፊው ደውለው “ቅጹ እምቢ አለኝ” አሉ። አየሁት፤ ፓይዘን “ቀኑ ከወሩ ወሰን ውጭ ነው” ይላል። ለእርሱ ወር 2 ፌብሩዋሪ ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ደክሞኝ ነበር። “29 ብለው ይሙሉት” አልኋቸውና ተኛሁ። በማስተማር ሕይወቴ ስንት ተማሪ “የስሕተት መልእክትን አንብበህ ተረዳው እንጂ አትሽሸው” ብዬ ገሥጬ ይሆን?

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሰኞ ኅዳር 3፣ የፈረቃ ለውጥ ማስታወቂያ ገባ። ውሃ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጀምሮ እንደሚለቀቅ፣ ከዚያም እስከሚቀጥለው ሳምንት እንደማይኖር የሚናገር ነበር። በፊዱ ውስጥ የተመዘገበበት ቀን ማርች 3 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ሆነ። የሚገርመው፣ ላይብረሪው የሳምንቱን ቀን ራሱ አስልቶ “ሐሙስ” ብሎ ጽፎበት ነበር። ሰኞ የወጣ ማስታወቂያ ሐሙስ የሚል ቀን ይዞ በሰርቨሬ ላይ ተቀምጧል፤ ፋይሉን ከፍቼ ብመለከተው ኖሮ በዚያች በአንዲት ቃል እነቃ ነበር።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሰባ ያለፋቸው ናቸው። የልጅ ልጃቸው የፊድ ማንበቢያ በስልካቸው ጭናላቸው፣ ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር ድምፅ እንዲሰጥ አድርጋላቸው ነበር። እርሳቸውም ስልኩን ተማምነው በሩ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት ማየት ትተዋል። ለነገሩ በዚያ ሳምንት ወረቀቱ አልተለጠፈም፤ “የዶክተሩ ፊድ አለ” ተብሎ። ያን ሌሊት ስልካቸው ድምፅ አላሰማም። ረቡዕ ማታ ደረጃው ላይ ባዶ ጀሪካን ይዘው አገኘኋቸው። “ልጄ፣ ያንተ ማስታወቂያ ውሃው ከሄደ በኋላ ነው እንዴ የሚናገረው?” አሉኝ። ጀሪካኑን ተቀብዬ ከቤቴ ሞላሁላቸው፤ ያን ሳምንት በየማታው እንደዚያው አደረግሁ። ከእርሳቸው ሌላ ስንት ቤት ውሃ እንዳመለጠው ለመቁጠር ድፍረቱ አልነበረኝም።

አሁን ትምህርቱን ቀስ ብለን እንየው። ፓይዘን ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የቀን ሞጁል የሚያውቀው የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። የጃቫ መደበኛ ላይብረሪ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንንና የሂጅራን አቆጣጠር ይዟል፤ የእኛን አልያዘም። አይሲዩ የተባለው የዩኒኮድ ላይብረሪ ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። እንዲያም ሆኖ ስሌቱን ራሳችሁ ብትሠሩት እመርጣለሁ፤ አስቸጋሪ አይደለም፤ ሂሳቡ በባሕረ ሐሳብ ላደገ አገር እንግዳም አይሆንም።

ኅዳር 5 ቀን 2016ን እንውሰድ። መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ኅዳር 5፤ በድምሩ የዓመቱ 65ኛ ቀን ነው፤ ማለትም ከመስከረም 1 በ64 ቀን ይርቃል። መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ላይ ዋለ፤ ያለፈው 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜን 6 ሆና አዲስ ዓመትን በአንድ ቀን ገፍታለችና። ከሴፕቴምበር 12 ላይ 64 ቀን ብትቆጥሩ ኖቬምበር 15፣ ረቡዕ ላይ ታርፋላችሁ። ኮዱ የሚሠራው ይህንኑ ነው፦ የኢትዮጵያውን ቀን ወደ ተከታታይ የቀን ቁጥር መለወጥ፣ ያንን ቁጥር ወደ ጎርጎርዮስ መመለስ። “ሰባት ወይም ስምንት ደምር” የሚለው አቋራጭ ለዓመተ ምሕረት ለብቻው ያገለግል ይሆናል፤ ለቀን ግን አይሆንም። ስትፈትኑትም በዘፈቀደ ቀን አትፈትኑት፤ በጥቅምት 30፣ በጳጉሜን 5 እና 6፣ ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ በሚመጣው መስከረም 1፣ እንዲሁም የጎርጎርዮስ ዓመት በሚቀየርበት በታኅሣሥ 22 እና 23 ፈትኑት።

ቀኑን አስተካክዬ እፎይ ሳልል ሰዓቱ መጣ። ጸሐፊው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ያስገቡት ማስታወቂያ በፊዱ ውስጥ 2 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ሌሊት ካለፈ ሁለት ሰዓት ሆኖ ተመዘገበ። እውነተኛው 20 ሰዓት ነው፤ በ18 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ከቀኑ 9 ሰዓት የገባው በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የገባው ደግሞ በ6 ሰዓት ወደ ፊት ሄደ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይከፋል፤ የአርኤስኤስ 2.0 ደንብ ገና ያልደረሰ ቀን የያዘን ጽሑፍ ማንበቢያው ቀኑ እስኪደርስ ድረስ ባያሳየው ይፈቅዳል። ውሃ ፈሰሰ የሚለው ዜና ውሃው ከቆመ በኋላ ይታያል ማለት ነው። እማማ ሳያውቁት የተናገሩት ትክክል ነበር!

ቁጥር ብቻውን አይበቃም። “8” ከቀኑ ነው ወይስ ከሌሊቱ? ስለዚህ በቅጹ ላይ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት የሚሉ ምርጫዎችን ጨመርሁ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ የቀን መለወጥ ጣጣም አለ። እኛ “ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት” ስንል በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ረቡዕ ነው፤ ወደ ወጥ ሰዓት ሲመለስ ደግሞ እንደገና ማክሰኞ፣ 23 ሰዓት ይሆናል። አባቶቻችን “ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ” ሲሉ ይህን አሻሚነት በሦስት ቃል ዘግተውታል። በቅጼ ላይ ለሌሊት ሰዓቶች ይህንኑ አባባል አስገብቻለሁ፤ ማንም ግራ ሲጋባ አላየሁም።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያምታቱትን ነገር ልለይ። በፊዱ ውስጥ ያለው ቀን ጽሑፉ የወጣበት ቀን ነው፤ ጽሑፉ የሚናገርለት ነገር የሚሆንበት ቀን አይደለም። ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት በዚያ ቦታ ካስገባችሁ ማንበቢያው እንደ ወደፊት ጽሑፍ ሊሰውረው ይችላል። ውሃው የሚመጣበት ቀንና ሰዓት በርእሱ ውስጥ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰው እንደሚናገረው ይጻፍ፤ የወጣበት ቀን ደግሞ ማሽኑ በሚፈልገው መልክ ለማሽኑ ይሰጥ። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ ለማጨቅ መሞከሬ ነበር የችግሩ ሥር።

ስለ መለያው ባጭሩ። እያንዳንዱ ንጥል የማይለወጥ መለያ ሊኖረው ይገባል፤ አተም ግድ ይላል፣ አርኤስኤስ አማራጭ ያደርገዋል። እኔ መጀመሪያ ላይ መለያውን ከርእሱ ነበር የማወጣው። አንድ ቀን ጸሐፊው “የውሃ ፈረቃ” ብለው ጻፉ፤ የአማርኛ መምህር የሆኑ አንድ ጎረቤታችን “ውኃ ነው የሚባለው” ብለው አስተካከሏቸው፤ ሌላው ደግሞ ወደ “ውሃ” እንዲመለስ ጠየቀ። ርእሱ በተነካ ቁጥር መለያው ስለሚለወጥ የሰው ስልክ ሁሉ ለአንድ ማስታወቂያ ደጋግሞ ጮኸ። የተናደደ ሰው ነበር። አሁን መለያው ተራ ቁጥር ነው፤ ሀሌታው ሀ እና ብዙኃኑ ኀ እንደፈለጉ ይከራከሩ።

ከጻፍን በኋላ ማንበብ አለ፤ በዚህ ረገድ ጥንቃቄው ይለያል። ስትጽፉ ጥብቅ ሁኑ፤ ስታነቡ ግን ሌላው ሰው የጻፈውን ነውና የምታነቡት ታጋሽ መሆን ይገባችኋል። ማርክ ፒልግሪም የጻፈው ፊድፓርሰር የተሠራው በዚህ መንፈስ ነው። የተበላሸ ፊድ ሲያጋጥመው የቻለውን ያህል አውጥቶ ይሰጣችኋል፤ ፋይሉ እንከን እንዳለበትም “ቦዞ” በሚባል ምልክት ያሳውቃል። ተማሪዎች ይህን ምልክት አይመለከቱትም፤ ተመልከቱት። ቀኑን ማንበብ ካልቻለም ቦታውን ባዶ ይተወዋል እንጂ አይገምትም። ስለዚህ ባዶ ቀን ያለበትን ንጥል እንዴት እንደምትደረድሩት አስቀድማችሁ ወስኑ፤ ካልወሰናችሁ ፕሮግራማችሁ አንድ ሌሊት በዚያ ንጥል ላይ ይወድቃል። ያነበበውን ቀን የሚሰጣችሁ በወጥ ሰዓት ነው፤ ሦስት ሰዓት ሳትጨምሩ ካሳያችሁት ከሌሊቱ 8 ሰዓት የወጣው ጽሑፍ የትናንት ይመስላል።

የእኔን ዓይነት ስሕተት በንባብ በኩል መያዝም ይቻላል። አሁን የማነብባቸው ፊዶች ላይ አንድ ትንሽ ፍተሻ አደርጋለሁ፦ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ንጥል ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ቀን ከያዘ ጠርጥሬ አስቀምጠዋለሁ።

የፊደሉን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በሦስተኛው እትም፣ በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ አርኤስኤስ በተወለደበት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ የፊደል ሰንጠረዥ ነበረው፤ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው ስትከፍቱ የምታዩት የላቲን ፊደል ገለባ ነበር። ያን ዘመን ያሳለፍን ሰዎች ዛሬ ፊዱ ያለ ምንም ልፋት አማርኛ ሲያሳይ እንደ ቀላል አናየውም። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፤ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። መግለጫውን በባይት ቁጥር ከቆረጣችሁት ፊደል መሃል ላይ ልትቆርጡ ትችላላችሁ፤ በጽሑፉ መጨረሻ የምትታየዋ ጥያቄ ምልክት ያለባት ጥቁር አልማዝ ከዚያ ነው የምትመጣው። በፊደል ቁጥር ቁረጡ።

ሦስቱ ባይት የገንዘብ ጉዳይም ነው። አሥራ አምስት ማስታወቂያ፣ እያንዳንዱ አራት መቶ ፊደል ቢኖረው፣ ከምልክቶቹ ጋር ፊዱ ከ20 ኪሎ ባይት ያላነሰ ይሆናል። ማንበቢያው በየግማሽ ሰዓቱ ሙሉውን ቢያወርድ በቀን 48 ጊዜ፣ ወደ አንድ ሜጋ ባይት ይጠጋል፤ ይህ ሁሉ ብዙውን ጊዜ አንድም አዲስ ነገር ለሌለው ፋይል ነው። ለዚህ መላ አለው። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲሰጥ የእትም ምልክት አብሮ ይልካል፤ ማንበቢያው ሲመለስ “ከዚህ እትም ወዲህ የተለወጠ አለ?” ብሎ ያንን ምልክት ያሳያል፤ ከሌለ ሰርቨሩ “304” የሚል አጭር መልስ ብቻ ይሰጣል። ፊድፓርሰር ይህን ይችላል፤ ምልክቱን አስቀምጣችሁ በሚቀጥለው ጥያቄ መልሳችሁ መስጠት ግን የእናንተ ድርሻ ነው።

ንግግሬን እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄ ልቀበል።

(ከታዳሚዎች መካከል አንድ ተማሪ፦ “ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? ቴሌግራም ላይ ቻናል ቢከፈት አይቀልም ነበር?”)

ይቀላል። እውነቱን ለመናገር ዛሬም አብዛኛው የግቢያችን ነዋሪ ማስታወቂያውን የሚያየው በቴሌግራም ነው። ልዩነቱ ቴሌግራም ላይ የሚለጥፈው አሁን ሰው አለመሆኑ ነው፤ ፊዱን የሚያነብ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ነው የሚለጥፈው። ማስታወቂያው አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ ዋናው ቅጂ በማኅበሩ እጅ ነው። ነገ ሰው ወደ ሌላ መተግበሪያ ቢሄድ የሚቀየረው ያ ትንሽ ፕሮግራም እንጂ የማኅበሩ መዝገብ አይደለም። ቻናል ውስጥ ብቻ የኖረ ማስታወቂያ ግን ቻናሉ ሲዘጋ አብሮ ይሄዳል። ደግሞም ባለፈው ዓመት በዚህ ወር ፈረቃው ስንት ጊዜ ተቀየረ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከፊዱ መዝገብ ቆጥሬ እነግራችኋለሁ፤ ማኅበሩም ለሚመለከተው ክፍል አቤቱታ ሲጽፍ ከዚያ ነው የሚጠቅሰው።

(ሌላ ጠያቂ፦ “እኚያ እናትስ አሁን በምን ያነብባሉ?”)

በወረቀት። ስልኩን ከዚያ ቀን ወዲህ አላመኑትም፤ አልፈርድባቸውም። በዘበኛው ቤት ያለች አሮጌ ኮምፒዩተር በየማታው 12 ሰዓት ላይ ፊዱን አንብባ አዲስ ማስታወቂያ ካለ በትልልቅ ፊደል ታትማለች፤ ዘበኛው በየብሎኩ ደረጃ ሥር ይለጥፈዋል። አታሚው ሲበላሽ ራሴ በእጄ እጽፈዋለሁ።